ክብደት ሲጠፋ የሰውነታችን ዘበኞች ምን ይሆናሉ?

የዛሬው ታሪካችን የጠፈር ነው። ጠፈር ደግሞ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም፤ ኡሁሩ የተባለችው ሳተላይት በ1970 እ.ኤ.አ.፣ ልክ በኬንያ የነፃነት ቀን፣ ማሊንዲ አጠገብ ባሕር ላይ ከቆመው የሳን ማርኮ ማስወንጨፊያ ነው የተነሳችው።

ኡሁሩ ሰው አልጫነችም። ሰው የጫኑት ግን ጣጣ ገጠማቸው። በ1968 የአፖሎ 7 አዛዥ ዋልተር ሺራን ጠፈር ላይ ጉንፋን ያዘው። እዚያ ንፍጥ ወደ ታች አይወርድምና ስቃዩ ባሰ። ከ29 የአፖሎ ጠፈርተኞች 15ቱ በጉዞ ላይ ወይም እንደተመለሱ በተላላፊ በሽታ ታመዋል። እንዴ! ተመርጠው፣ ተመርምረው የሄዱ ጤነኞች እኮ ናቸው!

ታዲያ ጥፋቱ የጭንቀትና የእንቅልፍ እጦት ነው ወይስ የክብደት ማጣት? (ስበት ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ፤ መንኮራኩሩና ሰዎቹ በምድር ዙሪያ አብረው ስለሚወድቁ ነው ክብደት የማይሰማቸው።) አውግስቶ ኮጎሊ የሚባል ተመራማሪ በ1983 ከሰው ደም የተወሰዱ ሊምፎሳይቶችን፣ ማለትም ነጭ የደም ሕዋሳትን፣ በስፔስላብ 1 ላከ። ሕዋስ ብቻውን አይጨነቅም፣ እንቅልፍም አያጣም። ምድር ላይ የሚያነቃቸው ንጥረ ነገር ሲጨመርባቸው ግን ከአሥር አንድ እጅ ያህል እንኳ አልነቁም። በ1985 ደግሞ ሌሎቹ እዚያው ጠፈር ላይ በሚሽከረከር መሣሪያ ክብደት ተሰጣቸው፤ እነዚህ ነቁ። ስለዚህ ክብደት ማጣት ራሱ ዘበኞቹን እንደሚያደክም ታወቀ።

ጭንቀቱም ነፃ አልወጣም። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የጠፈርተኞች የጭንቀት ሆርሞን ሲጨምር በሰውነት ውስጥ ተደብቀው የኖሩ ቫይረሶች ይቀሰቀሳሉ። አንዱ አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው ነው።

ይህ እኛንም ይመለከታል። ሞያሌ ላይ ክብደት አናጣም፤ ሐሳብ፣ እንቅልፍ ማጣትና ተጨናንቆ መኖር ግን እናውቃለን። ስለዚህ ደጋግሞ የሚታመመውን ተማሪ «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት እንጠይቀው። ክትባትም አንናቅ፤ ስኮት ኬሊ ጠፈር ላይ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ወስዶ ሰውነቱ እንደሚገባው መልስ ሰጥቷል።

ለክፍል ውይይት፦ የ1985ቱ የሚሽከረከር መሣሪያ ባይኖር ኖሮ፣ ጥፋቱን በጠፈር ጨረር ማሳበብ ይቻል ነበር? ለምን?