ቀይ ቀበሮ ከጎጃም የጠፋው በማን እጅ ነው?

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ይህን ቁጥር ያዙልኝ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከጎጃም የተሰበሰበ የቀይ ቀበሮ ናሙና የተገኘው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነበር። ከከተማዋ ጋር የሚቀራረብ ከፍታ ማለት ነው። ዛሬ ይህ እንስሳ በመላ አገሪቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳሉ ጥቂት ተራሮች ተገፍቷል። በጎጃም ግን ከ4,000 ሜትር በላይ በሚወጣው በጮቄ ጫፍም ቢሆን የለም።

ቀይ ቀበሮን ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቀው በ1830ዎቹ ሰሜን ተራሮችን የጎበኘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አገር አይኖርም። የቀሩት አዋቂዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ ናቸው።

ብዙ ሰው ቀበሮው በጥይት ያለቀ ይመስለዋል። ዋናው ጠላቱ ግን ማረሻ ነው። ቀበሮው የሚኖረው በአይጥና በፍልፈል ነው። እነሱ ደግሞ ያልታረሰ የደጋ ሣር ይፈልጋሉ። ገብስና ድንች ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ሣሩ ይጠባል። በአገሪቱ ከ3,200 ሜትር በላይ ካለው መሬት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወደ እርሻ ተለውጧል። እርሻውን ተከትሎ ከብት ይወጣል፤ ከብቱን ተከትሎ ውሻ ይወጣል፤ ውሻው የእብድ ውሻ በሽታን ይዞ ይሄዳል። ባሌን ደጋግሞ የመታው ይህ በሽታ ነው። ትንሽ ተራራ ላይ ብቻውን የቀረ መንጋ እንዲህ ያለውን ምት አይችልም። ከጎረቤታችን ከጉና ተራራም ቀበሮው የጠፋው በቅርብ ዘመን ነው።

«ታዲያ ገበሬው ምን ይብላ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ታች ያለው ማሳ በልጅ ብዛት ተከፋፍሎ ሲያልቅ ወደ ላይ የወጣን ሰው ጥፋተኛ ማለት አይቻልም። ግን ሌላ መንገድ እንዳለ የሚያሳይ ምስክር ከአባይ ማዶ፣ መንዝ ውስጥ አለ።

በመንዝ ጓሳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» የሚባል ሥርዓት ነበር። የአስቦና የጌራ ዘሮች የጋራ መሬታቸውን ለተከታታይ ዓመታት ይዘጉታል፤ ሣሩ ሲደርስ በጋራ ውሳኔ ይከፍቱታል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለማገዶና ለግጦሽ የሚያስፈልጋቸውን ይወስዳሉ፤ ከዚያ መልሰው ይዘጉታል። ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የዘር ባለመብትነትን ሲሽር ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ሕዝቡ ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ በኋላ በመተዳደሪያ ደንብና በኮሚቴ መልሶ አቋቋመው። ዛሬ ጓሳ በሕግ የታወቀ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ ቀይ ቀበሮም አለበት።

ልብ በሉ፤ የመንዝ ሰው ሣሩን የጠበቀው ለቀበሮ ብሎ አይደለም። ለራሱ ጣሪያና ለራሱ ከብት ነው። ቀበሮው የተረፈው በሣሩ ምክንያት ነው። እንስሳን የሚያተርፈው የራሱ ጥቅም ያለበት፣ የመዝጋትም የመክፈትም ሥልጣን በእጁ ያለ ሕዝብ ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው። ከላይ የወረደ «ጥብቅ ቦታ» የሚል ታፔላ ብቻውን አንዲት ቀበሮ አያድንም።

ለጮቄ ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃና ሌሎችም የአባይ ገባሮች የሚነሱት ከዚያው ነው። ቀበሮውን ያሳጣን የሣር መመናመን ምንጩንም ያሳጣል፤ አፈሩም በጎርፍ ወርዶ ግድቡ ውስጥ ይተኛል። ቀበሮው ወደ ጎጃም ተመልሶ ይምጣ አይምጣ የሩቅ ጥያቄ ነው። የቅርቡ ጥያቄ የቀረውን የጮቄ ሣር ማን ይዝጋው፣ ማን ይክፈተው የሚለው ነው። መልሱ በተራራው ሥር ካለው ገበሬ ጋር ካልተጻፈ ቀጥሎ የሚጠፋው ውኃው ነው።