መስኮብ፣ ሲሞኖቭ፣ ክላሽ፦ ጎጃም ያላየው የሩሲያ ጠመንጃ

ቡሬ ገበያ ላይ አንድ ዕድሜ ጠገብ ሰው ስለ ጠመንጃ ቢጠየቅ ስሞቹን እንደ ዘር ሐረግ ነው የሚቆጥራቸው። ሰናድር፣ ውጅግራ፣ መስኮብ፣ ለበን፣ ምንሽር ይልና ወደ ልጆቹ ዘመን ሲወርድ ሲሞኖቭና ክላሽ ይደርሳል። እያንዳንዱ ስም አንድ ዘመንና አንድ መንግሥት አለው። ውጅግራ የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» በጎጃሜና በሸዌ አንደበት የተለወጠበት ነው። ሰናድር የእንግሊዝ ነው። መስኮብ ደግሞ የሩሲያ።

ከዚህ ሐረግ ውስጥ አንድ ዓይነት ጠመንጃ ጎድሏል። አፈሙዙ ውስጡ ልሙጥ የሆነው፣ በአንድ ቀለህ ብዙ የእርሳስ ጠጠር የሚበትነው፣ የፊት እጀታው ወደ ኋላ ተስቦ ወደ ፊት ሲገፋ ባዶውን ቀለህ ተፍቶ አዲሱን የሚጎርሰው፣ በተለምዶ «ፓምፕ» የሚባለው የአደን ጠመንጃ። ሩሲያ ውስጥ ይህ መሣሪያ በአዳኝ፣ በዘበኛና በፖሊስ እጅ ይገኛል። የሠሩትም ፋብሪካዎች የጎጃም ገበሬ ለመቶ ዓመት በትከሻው የተሸከማቸውን ጠመንጃዎች የሠሩት ራሳቸው ናቸው። ታዲያ ሌላው ሁሉ ጎጃም ሲደርስ ይህ ለምን ቀረ? መልሱ ስለ ጠመንጃው ከሚናገረው በላይ ስለ ሁለቱ አገሮች መንግሥታት ይናገራል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ አሜሪካዊ ነው። ኮሎኔል ሂራም በርዳን የነደፈውን ጠመንጃ ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ1870 ለሠራዊቷ ተቀበለች። ጥይቱ 10.67 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወፍራምና ከባድ። አንድ ይጎርሳል፣ አንድ ይተኩሳል። ቱላና ኢዥየቭስክ በሚባሉት የመሣሪያ ከተሞች በብዛት ተመረተ። ከ21 ዓመት በኋላ ግን ሩሲያ አምስት ጥይት የሚጎርሰውን ሞሲንን ያዘችና በርዳኑ አረጀ። የዛሩ ግምጃ ቤቶች ሥራ ባጣ ጠመንጃ ሞሉ።

እዚህ ላይ የአንድ እናት ልጆች ተለያዩ። ከፊሉ በርዳን እዚያው ሩሲያ ቀረ። የአፈሙዙ ጥምዝ ሰርጥ ተፍቆ ልሙጥ ሆነና በርካሽ ዋጋ ለገበሬና ለሳይቤሪያ አዳኝ ተሸጠ፤ «በርዳንካ» ተብሎም በየመንደሩ የዳክዬና የጥንቸል ማደኛ ሆነ። ሌላው ባሕር ተሻግሮ ኢትዮጵያ ገባ። ኒኮላይ ሌዎንትየቭ የተባለው የሩሲያ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1895 ከዐፄ ምኒልክ ዘንድ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ መልእክተኞችም ፒተርስበርግ ሄዱ። ከዚህ ወዳጅነት ጋር ነው በርዳን በዓድዋ ዘመን አካባቢ ወደ አገር የገባው። ሰዉ ሩሲያን መስኮብ ይል ስለነበር ጠመንጃውም መስኮብ ተባለ። ይህኛው አልተፋቀም፤ የጦር ጠመንጃ እንደሆነ ኖረ።

እርግጥ የሩሲያ ስም ከዚያም በፊት በኢትዮጵያ መሣሪያ ላይ ተለጥፎ ያውቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀረጹት ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል የተባለው በክሪሚያ ጦርነት በተከበበችው የሩሲያ ከተማ ስም ነው። መድፉ ግን ከስሙ በቀር ከሩሲያ ጋር የሚያገናኘው የለም።

ጎጃም የጠመንጃን ነገር ከዓድዋ በፊት በሚያንገበግብ መንገድ ተምሯል። በ1874 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከዓባይ ማዶ እምባቦ ላይ ተጋጠሙ። ጠቡ ስለ ደቡብ ምዕራቡ ሀብት ነበር፤ ስለ ወርቁ፣ ስለ ዝሆን ጥርሱ፣ ስለ ቡናው። ቡሬም በዚያ የንግድ መስመር ላይ ካሉት ዋና ገበያዎች አንዷ ነበረች። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ፤ መንገዱም ከጎጃም እጅ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጠመንጃ የሌለው ጌታ ገበያም እንደሌለው ለማንም ግልጽ ሆነ። በዚያው ዘመን የውጅግራ ጥይት በብዙ የአገሪቱ ገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ጥይት ገንዘብ በሆነበት አገር ደግሞ ሰው የሚመርጠው ጥይቱ በገበያ የሚታወቀውን ጠመንጃ ነው።

የአደን ጠመንጃ እዚህ ላይ ተሸነፈ። ባለ ሁለት አፈሙዙ የአደን ጠመንጃ ኢትዮጵያ ውስጥ አልታየም ማለት አይደለም። በመኳንንትና በውጭ አገር ሰው እጅ ነበር፤ ገበሬው ቤት ግን አልገባም። ቀለሁን ማን ያመጣለታል? የጦር ጠመንጃ ጥይት ከወታደር፣ ከነጋዴና ከምርኮ ይገኛል። የጠጠር ቀለህ ከሱቅ ብቻ ነው፤ ሱቁም አዲስ አበባ ነው። ሌላው ምክንያት መሬቱ ነው። የእርሳስ ጠጠር ከ40 እና 50 ሜትር ካለፈ ጉልበት የለውም፤ የዓባይና የብር ሸለቆ ገደል ግን ከወዲህ ማዶ ወዲያ ማዶ የሚያስተያይ ነው። ሦስተኛው ክብር ነው። ጠመንጃ በሠርግ ይተኮሳል፣ በለቅሶ ይተኮሳል፣ ርስት በተነካ ጊዜ ከግድግዳ ይወርዳል፤ ለዚህ የሚታሰበው የጀግና መሣሪያ እንጂ የጅግራ ማደኛ አይደለም።

ጣሊያን ሲገባ ይህ ምርጫ ተፈተነ። ጎጃም ለአምስት ዓመት ሸፈተ፤ አርበኛው ያረጀውን ውጅግራና መስኮብ ይዞ ጀመረ፣ በማረከው የጣሊያን ጠመንጃ ቀጠለ። በጥር 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ተነሥተው በኦሜድላ በኩል ገቡ፤ የዊንጌት ጌዴዎን ጦርና አርበኞቹ በቡሬ ምሽግ ላይ ተጫኑ። ጣሊያኖቹ በየካቲት መጨረሻ ቡሬን ለቀው ወደ ደምበጫ አፈገፈጉ፤ በመንገድ ላይም ከሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ተፋጠው ብዙ ደም ፈሰሰ። በመጋቢት መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። በዚህ መስመር ላይ የምትገኘው ወጀት ከዚያ በኋላ ፍኖተ ሰላም ተባለች። ከተማዋ የሰላም መንገድ የሚለውን ስም ያገኘችው ጦር ስላለፈባት ነው።

አርበኛው ጠመንጃውን ይዞ ወደ እርሻው ተመለሰ። መንግሥትም ይህን አልረሳም። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ጎጃምን ባስነሣበት ጊዜ ከቅሬታዎቹ አንዱ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቍ ሥላሴ ያዘዙት የጠመንጃ ምዝገባ ነበር። ገበሬው የነገሩን ቅደም ተከተል ጠረጠረ፤ መጀመሪያ ጠመንጃው ይጻፋል፣ ቀጥሎ ይወሰዳል፣ ከዚያ ርስቱ ይለካል። ጥርጣሬው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው አከራካሪ ሊሆን ይችላል። አየር ኃይል በሸፈተው ሕዝብ ላይ መሰማራቱ፣ በመጨረሻም ገዥው ተነሥተው የግብር ውዝፉ መቅረቱ ግን የታወቀ ነው። ጎጃም ከዚህ የወሰደው ትምህርት አንድ ብቻ ነበር፤ ጠመንጃ ያለው ገበሬ ይደመጣል።

ከዚያ መስኮብ ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ በመርከብና በአውሮፕላን። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. ደርግ ፊቱን ከአሜሪካ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሲያዞር ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚገመት መሣሪያ ገባ። ታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው ሚሊሺያ ከየክፍለ ሀገሩ የተመለመለ ገበሬ ነበር። በእጁ የገባው ፒፒሻ፣ ሲሞኖቭና ክላሽ ነው። ካርታ ላይ የተሠሩበትን ቦታ የፈለገ ሰው ደጋግሞ ከጥቂት ከተሞች ላይ ይወድቃል። ሲሞኖቭ የቱላ ልጅ ነው። ክላሽ የኢዥየቭስክ። ፒፒሻን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በገፍ ካመረቱት ፋብሪካዎች አንዱ ቪያትስኪዬ ፖሊያኒ በምትባል ትንሽ ከተማ ነበር።

ፓምፑ በሩሲያ የተወለደው በዚሁ ሰሞን ነው፤ ለአዳኝ ተብሎ ግን አይደለም። የሶቪየት አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር እስር ቤትና አመፅ የሚበትንበት መሣሪያ ፈለገ። መሐንዲሶቹ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሥራ ጀምረው ካኤስ-23 የተባለውን ሠሩ። አፈሙዙ ስፋቱ 23 ሚሊ ሜትር ነው፤ ምክንያቱም የተቆረጠው ለመድፍነት ብቁ ሳይሆኑ ከቀሩ የ23 ሚሊ ሜትር መድፍ አፈሙዞች ነበር። አስለቃሽ ጭስ፣ የጎማ ጥይትና ጠጠር ይተኩሳል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ለሚኒስቴሩ ኃይል ተሰጠ። ልብ በሉ፤ አንዱ የሶቪየት እጅ ለራሱ እስረኛ ፓምፕ ሲያበጅ ሌላው እጅ ለኢትዮጵያ ገበሬ ክላሽ ይልክ ነበር።

እ.ኤ.አ. 1991 ሁለቱንም አገር ገለበጠ። በግንቦት ደርግ ወደቀ፤ በታኅሣሥ ሶቪየት ኅብረት ራሷ ፈረሰች። የደርግ ሠራዊት ሲበተን ወታደሩ ክላሹን እየሸጠ፣ እየጣለ፣ አንዳንዱም ይዞት ወደ ቀዬው ገባ። ጎጃም ውስጥ ያ ወቅት የድሮው ምንሽር ወደ ግድግዳ የወጣበትና ክላሽ ወደ ትከሻ የወረደበት ነው።

ቱላና ኢዥየቭስክ ደግሞ በዚያው ወቅት ትእዛዝ አጡ። መንግሥት መሣሪያ አይገዛም፤ ሠራተኛው ደመወዝ ይጠብቃል። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ ወደ ሰላማዊው ገበያ ዞሩ። ኢዥየቭስክ ኢዥ-81 የተባለውን ፓምፕ አወጣ፤ ተከታዩም ኤምፒ-133 ሆነ። የፒፒሻዋ ቪያትስኪዬ ፖሊያኒ ቤካስን ሠራች። ቱላ ላይ አርኤምቢ-93 ተነደፈ። ይህኛው እንግዳ ነገር ነው፤ የጥይት ቱቦው ከአፈሙዙ በላይ ሆኖ በጉረሳ ጊዜ የሚንቀሳቀሰው አፈሙዙ ራሱ ነው። ክላሽም ሳይቀር ልሙጥ አፈሙዝ ተገጥሞለት «ሳይጋ» ተባለና የአዳኝ መሣሪያ ሆነ። በራሱ ስለሚጎርስም ብዙ ሩሲያዊ ከፓምፑ ይልቅ እሱን መረጠ። ከበርዳን መቶ ዓመት በኋላ ያው ሥራ ተደገመ፤ የጦር ጠመንጃ ወደ አደን ተመለሰ።

ይህን የወሰነው የገበያ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ሕግም ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የሩሲያ የመሣሪያ ሕግ አንድ ሰው ባለ ሰርጥ አፈሙዝ ጠመንጃ ለመያዝ መጀመሪያ ልሙጡን ለአምስት ዓመት ያለ ችግር እንዲይዝ ጠየቀ። በሩቅ የሚገድለው ጠመንጃ የሚደረስበት በአጭሩ በኩል ሆነ። የሩሲያ ፓምፕ ገዥ ያገኘው ከእነዚህ አምስት ዓመታት ጭምር ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ መሰላሉ የተሠራው ተገልብጦ ነው። ገበሬው የመጀመሪያ ጠመንጃው የጦር ጠመንጃ ነበር፤ ያስታጠቀውም አብዛኛውን ጊዜ መንግሥት ራሱ ነው። ዐፄው ለዘመቻ አስታጠቁት፣ ደርግ ለሚሊሺያነት አስታጠቀው፣ ከዚያ የመጡትም የቀበሌ ታጣቂ አድርገውታል። በየመካከሉ ደግሞ አስመዝግብ፣ አስረክብ ይባላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ፈቃድና ምዝገባን በአገር ደረጃ ሥርዓት ለማስያዝ ሞከረ፤ ጠመንጃ መያዝ ልማድ የሆነባቸውን አካባቢዎችም አንሥቷል። እንደ ሕግ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ለገበሬው ክላሹን የሚተካ አነስ ያለ ነገር በገበያ ላይ በሌለበት አገር አዋጁ የሚያቀርበው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ክላሽ ወይም ባዶ እጅ። የ1960ን ጥርጣሬ ከአያቱ የሰማ ሰው ደግሞ ባዶ እጅን አይመርጥም።

አዋጁ ሥር ሳይሰድ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. አካባቢ የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ተወሰነ፤ በክረምቱ አማራ ክልል ውጊያ ውስጥ ገባ፣ የአስቸኳይ ጊዜም ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የዓለም የዜና ወኪሎች ከሆስፒታል ምንጭ ጠቅሰው ዘገቡ። ከሟቾቹ መካከል ጠመንጃ የሌላቸው ሲቪሎች ነበሩ።

ከቡሬ እስከ ወምበርማ ያለው አገር የበቆሎ አገር ነው። በቆሎው እሸት ሲይዝ ዝንጀሮ ከገደል ይወጣል፤ ጃርት ደግሞ በሌሊት ይመጣል። ለዚህ ሥራ የጠጠር ቀለህ የሚጎርስ ርካሽ ፓምፕ ከክላሽ ይሻላል፤ ሩቅ አይሄድም፣ ማዶ ያለ ሰው አይመታም። ማሳው ዳር ያለው ማማ ላይ የሚቀመጠው ልጅ ግን ዛሬም በእጁ የያዘው ወንጭፍና የወንዝ ድንጋይ ነው። ክላሹ ቤት ነው። ጥይቱ በዝንጀሮ ላይ አይባክንም።