ከቀይ ብርሃን ማዶ፤ የማይታየው ጨረርና የርቀት ቅኝት ታሪክ

በሙያችን «የርቀት ቅኝት» ብለን የምንጠራው ስም ዕድሜው ሰባ ዓመት ገደማ ቢሆን ነው። ስሙን ያወጣችው በአሜሪካ የባሕር ኃይል የምርምር ቢሮ ትሠራ የነበረችው የጂኦግራፊ ባለሙያ ኤቨሊን ፕሩይት ስትሆን፣ ምክንያቷም ግልጽ ነበር። «የአየር ፎቶግራፍ» የሚለው የቆየ አጠራር፣ ዓይን የማያየውን ጨረር የሚቀበሉትን አዳዲስ መሣሪያዎች ሊያቅፋቸው አልቻለም። ስሙም በ1962 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ፣ በአን አርበር ከተማ፣ በተደረገው ጉባኤ አማካይነት በባለሙያዎች ዘንድ ተሰራጨ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ነገሩ ግን ከስሙ እጅግ ይቀድማል። የዛሬዎቹ ሳተላይቶች በየቀኑ የሚለኩት ጨረር፣ በተለይም ከቀይ ቀለም ማዶ ያለው፣ የተገኘው ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በአንድ ጠረጴዛ ላይ በተደረደሩ ጥቂት ቴርሞሜትሮች ነው። ያ ጨረር ከዚያ ጠረጴዛ ተነሥቶ የአገራችንን ድርቅ ለመከታተል እስከሚያገለግልበት ዘመን የተጓዘው መንገድ ቀጥተኛ አልነበረም።

ዊልያም ሄርሽል በ1738 በሐኖቨር ተወልዶ በወጣትነቱ ወደ እንግሊዝ አገር የተሻገረ ሙዚቀኛ ነበር። ሌሊት ሌሊት ኮከብ ይቆጥር፣ የቴሌስኮፕ መስተዋቱንም በገዛ እጁ ይሞርድ ነበር። በ1781 ዩራነስ የተባለችውን ፕላኔት በማግኘቱ ስሙ ገነነ፤ ኑሮውም ከሙዚቃ ወደ ሥነ ፈለክ ዞረ። በ1800 ፀሐይን በቴሌስኮፕ ሲመለከት ዓይኑን ለመጠበቅ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸውን መስተዋቶች ይሞክር ስለ ነበር፣ አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። አንዳንዱ መስተዋት ብርሃኑን እጅግ ቀንሶ ሙቀቱን ያሳልፋል፤ ሌላው ደግሞ ብርሃኑን አሳልፎ ሙቀቱን ያስቀራል። እንግዲያስ ቀለሞች ሁሉ እኩል ሙቀት አይሸከሙም ማለት ነውን?

ኒውተን በ1660ዎቹ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፍሎ ቀለማቱን በተራ ማሳየቱ የታወቀ ነው። ሄርሽል ያንኑ አሠራር ተከትሎ የተከፈለውን ብርሃን በጠረጴዛ ላይ አሳረፈና ጫፉ የጠቆረ ቴርሞሜትር በየቀለሙ አኖረ። ለማነጻጸሪያም ሌሎች ቴርሞሜትሮች ከብርሃኑ ውጭ አስቀመጠ። ከሐምራዊው ወደ አረንጓዴው፣ ከአረንጓዴውም ወደ ቀዩ ሲሄድ ሙቀቱ ጨመረ። ከዚያም ቴርሞሜትሩን ከቀዩ ጠርዝ ወዲያ፣ ለዓይን ምንም ቀለም ከማይታይበት ስፍራ አኖረው። ሙቀቱ ከቀዩ ይልቅ በለጠ። ብርሃን አለቀ በተባለበት ቦታ የፀሐይ ጨረር አላለቀም ነበር።

በዚህ ላይ የእኛ ሙያ ባልደረባ ሊያልፈው የማይገባ አንድ ነጥብ አለ። የፀሐይ ጨረር በእኩል የሞገድ ርዝመት ተከፍሎ ቢለካ ኃይሉ የሚበረታው በሚታየው ብርሃን ውስጥ፣ ወደ አረንጓዴው ገደማ እንጂ ከቀዩ ማዶ አይደለም። ይሁን እንጂ የብርጭቆ ፕሪዝም ሐምራዊውን ወገን ይበትናል፤ ቀዩንና ከቀዩ ማዶ ያለውን ግን ያጨናንቃል። ስለዚህ ከቀዩ ማዶ በቆመው ቴርሞሜትር ላይ ያረፈው ሰፊ የሞገድ ክልል ነበር። ለሄርሽል ግኝት መሣሪያው ራሱ በጠባዩ ረድቶታል ማለት ነው። ሄርሽል ያንኑ ዓመት ጥናቱን ሲቀጥል ሙቀትና ብርሃን በባሕርያቸው የተለያዩ ናቸው ወደሚል ድምዳሜ ማዘንበሉም በከፊል ከዚሁ ያልተስተካከለ አከፋፈል የመነጨ ይመስለኛል።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1801፣ ዮሐን ሪተር በጀርመን አገር በዬና ከተማ ሌላውን ጠርዝ መረመረ። በብርሃን የሚጠቁረውን ሲልቨር ክሎራይድ ከሐምራዊው ወዲያ ቢያኖረው ይበልጡን ፈጥኖ ጠቆረ፤ አልትራቫዮሌት ተገኘ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ሕግ ያሰረው የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነው። በ1865 ባሳተመው ጥናት ብርሃን የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ መሆኑን በስሌት አሳየ። ሃይንሪሽ ኸርትስም በ1880ዎቹ መጨረሻ በካርልስሩህ የሬዲዮን ሞገድ በቤተ ሙከራ ፈጥሮ የማክስዌልን ስሌት አረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ የሬዲዮ ሞገድ፣ ማይክሮዌቭ፣ ኢንፍራሬድ፣ የሚታየው ብርሃን፣ አልትራቫዮሌትና ኤክስሬይ በሞገድ ርዝመት ብቻ የሚለያዩ የአንድ ቤተሰብ አባሎች ሆኑ። ከዚህ ሰፊ ቤተሰብ ውስጥ ዓይናችን የሚያየው ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮሜትር ያለውን ጠባብ ክፍል ነው።

ማክስዌል ሳያውቀው ስለ ተወው አንድ የምስክር ወረቀት ባወሳ ከርዕሴ የራቅሁ አይመስለኝም። በ1861 በለንደን በሰጠው ትምህርት አንድን ባለ ቀለም ጥብጣብ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ ሦስት ጊዜ ፎቶግራፍ አስነሥቶ ሦስቱን በአንድነት በማንጸባረቅ የመጀመሪያውን የቀለም ፎቶግራፍ አሳየ። ዛሬ የሳተላይት ምስል ስናቀናብር የምናደርገው ይህንኑ ነው። አስገራሚው ግን የዚያ ዘመን የፎቶግራፍ ኬሚካል ቀይ ብርሃንን የማይቀበል መሆኑ ነው። ሙከራው እንዴት ሊሠምር እንደ ቻለ የታወቀው ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1961፣ ሲሆን፣ ቀዩ ጨርቅ አልትራቫዮሌትንም ያንጸባርቅ፣ ቀዩም ማጣሪያ ያሳልፈው ኖሮ ሥራውን የሠራው እርሱ ነበር። ተመልካቾቹ ቀይ ብለው ያዩት በከፊል ለዓይን የማይታይ ጨረር ነው።

ወደ ቅጠሉ እንምጣ። በ1910 የአሜሪካው ፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዉድ ኢንፍራሬድ የሚቀበል ሳህን አዘጋጅቶ የገጠር ፎቶግራፎችን አነሣ። ሰማዩ እንደ ቀለም ጠቁሮ፣ ዛፉ በረዶ የወረደበት ያህል ነጥቶ ታየ። ምክንያቱም ክሎሮፊል ለምግብ ሥራው ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን ሲውጥ፣ ከቀዩ ቀጥሎ ያለውን ኢንፍራሬድ ግን አይፈልገውም። በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ሕዋሳትና በመካከላቸው ያለው አየር ይህን ጨረር ወዲያና ወዲህ እየመለሱ ግማሽ ያህሉን ወደ ውጭ ያንጸባርቁታል። ቅጠሉ ሲታመም ወይም ውሃ ሲጠማው ክሎሮፊሉ ስለሚቀንስ የቀዩ ነጸብራቅ ይጨምራል፤ የሕዋሳቱ አቋም ሲፈርስ ደግሞ የኢንፍራሬዱ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም መደናገር አለ። ይህ ኢንፍራሬድ ከፀሐይ መጥቶ ከቅጠል የተመለሰ ጨረር እንጂ ቅጠሉ በራሱ ሙቀት የሚያወጣው አይደለም። የምድር የራሷ ሙቀት የሚለካው በጣም ወዲያ፣ ከ8 እስከ 14 ማይክሮሜትር ባለው ክልል ነው።

ይህን የቅጠል ጠባይ አስቀድሞ የተጠቀመበት ጦር ሠራዊት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሠራው የኢንፍራሬድ የቀለም ፊልም አረንጓዴ ቀለም የተቀባን መድፍ ከእውነተኛ ቅጠል ለየ። ከጦርነቱ በኋላ ግን ፊልሙ ወደ ማሳ ገባ፤ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ኮልዌል በእርሱ አማካይነት የእህል በሽታን ከአየር መለየት እንደሚቻል በ1956 አሳተመ።

ወደ ኅዋ የተደረገው ሽግግር ያለ ክርክር አልተፈጸመም። ላንድሳት 1 (በመጀመሪያ ስሙ ኢአርቲኤስ 1) ጁላይ 23 ቀን 1972 ሲወነጨፍ ሁለት መሣሪያ ተሸክሞ ነበር። ዋናው ተብሎ የታሰበው የቴሌቪዥን ካሜራው ሲሆን፣ ካርታ ሠሪዎችም የሚያምኑት እርሱን ነበር። ካሜራ የምድሩን ገጽ በአንድ ቅጽበት ስለሚይዝ ልኬቱ አይዛባም። ሁለተኛው፣ በሂዩዝ ኩባንያ መሐንዲስ በቨርጂኒያ ኖርዉድ የተነደፈው፣ የሚወዛወዝ መስተዋት ያለው ስካነር ነበር። ሳተላይቱ እየሮጠ፣ መስተዋቱ እየተወዛወዘ፣ ምስሉ ስድስት ስድስት መስመር እየተጨመረ የሚገነባ ሥራ ለካርታ ይሆናል ብሎ ማመን ለብዙዎች አስቸጋሪ ነበር።

ኖርዉድ ግን የግብርናና የጂኦሎጂ ሊቃውንትን እየዞረች የትኛው የሞገድ ክልል እንደሚጠቅማቸው ጠየቀች። በመጀመሪያ ስድስት ክልል ተመርጦ ነበር። ለመሣሪያው የተፈቀደለት ክብደት ከ100 ፓውንድ የማይበልጥ በመሆኑ ወደ አራት ዝቅ አለ፤ አንድ አረንጓዴ፣ አንድ ቀይ፣ ሁለት ከቀይ ማዶ። ከአራቱ ሁለቱ ለዓይን የማይታዩ መሆናቸውን ልብ ይሏል። መሣሪያው ካሜራ ስላልሆነ የሚልከው ሥዕል ሳይሆን ቁጥር ነበር። ሰማንያ ሜትር ገደማ ስፋት ላለው ለእያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ከ0 እስከ 63 የሚደርስ የነጸብራቅ መጠን በየክልሉ ይመዘግባል። የቴሌቪዥኑ ካሜራ በኤሌክትሪክ ጉድለት ምክንያት ገና በኦገስት 1972 ተዘጋ። ስካነሩ ግን እስከ 1978 መጀመሪያ ሠራ። ከዚያ ወዲህ ሙያው ምድርን ከማየት ይልቅ ምድርን ወደ መለካት ዞረ፤ በእኔ ግምት ከሳተላይቱ መወንጨፍ ይልቅ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው።

ቁጥር ከተገኘ ስሌት ይከተላል። በቴክሳስ የነበሩ ተመራማሪዎች በ1973 የቀዩን ነጸብራቅ ከኢንፍራሬዱ ቀንሰው፣ ውጤቱን ለሁለቱ ድምር በማካፈል፣ ዛሬ የዕፀዋት ልምላሜ መለኪያ የምንለውን ቀመር አቀረቡ። ለምለም ማሳ ወደ 1 ይጠጋል፤ የተራቆተ አፈር ወደ ዜሮ ይወርዳል።

በዚያው ዘመን ወሎ በድርቅ ተመትቶ ነበር። ላንድሳት በአናቱ እያለፈ ነበር፤ ዓለም ግን ረኃቡን ያወቀው በኦክቶበር 1973 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን በታየ ፊልም ነው። በመሣሪያው ላይ መፍረድ ግን አይገባም። በየ18 ቀኑ አንድ ጊዜ የሚያልፍ ሳተላይት በክረምት ደመና ተጋርዶ የሚያየው ጥቂት ነው፤ ቁጥሩንም በጊዜው ተቀብሎ የሚያነብ የድርቅ መከታተያ ገና አልተቋቋመም ነበር። መፍትሔው የመጣው ከማይጠበቅ ወገን ሲሆን፣ ለአየር ጠባይ ትንበያ በተሠሩት የኖአ ሳተላይቶች ላይ የነበረው መሣሪያ ቀይና ኢንፍራሬድን ይለካ ነበር። ጥራቱ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም በየቀኑ ይመለሳል። የናሳው ኮምፕተን ተከር እና ባልደረቦቹ ከሳህል ጀምረው የአፍሪካን ልምላሜ በዚህ መሣሪያ መከታተል ቻሉ። የአሥር ቀን ልኬቶች ተሰብስበው ለእያንዳንዱ ቦታ ከፍተኛው ዋጋ ብቻ ይወሰዳል፤ ደመና የልምላሜውን ቁጥር ስለሚያወርድ ከፍተኛው ዋጋ ደመና ያልነካው ቀን ነው ተብሎ ይታመናል።

ይሁንና በ1984 የጎደለው መረጃ ነበር ማለት አያስደፍርም። የእርዳታ ማስተባበሪያና መልሶ ማቋቋሚያ ኮሚሽን በማርች ወር ለለጋሽ አገሮች ማስጠንቀቂያ አቅርቦ ነበር፤ ዓለም የተንቀሳቀሰው በኦክቶበር የኮረም ምስል በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። አሜሪካ በ1985 የረኃብ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ያቋቋመችው ይህን ተከትሎ ሲሆን፣ የልምላሜው ቁጥር ከዝናብ፣ ከገበያ ዋጋና ከመስክ ሪፖርት ጋር አብሮ እንዲነበብ ተደረገ። ይኸው ሥርዓት በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ሲታገድ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ሳተላይቶቹ በዚያን ጊዜም መለካታቸውን አላቆሙም።

አሁን በእጃችን ያለው መሣሪያ ከ1972ቱ ጋር አይነጻጸርም። የላንድሳት ምስል ከ2008 ጀምሮ ያለ ክፍያ ይገኛል። በ2014 የተወነጨፈው ሴንቲኔል 1 በማይክሮዌቭ ስለሚሠራ የክረምት ደመና አያግደውም። ኢትዮጵያም ዲሴምበር 20 ቀን 2019 ከቻይና ባስወነጨፈቻት፣ ከእንጦጦ በምትቆጣጠራት ሰባ ኪሎ ግራም ገደማ በምትመዝን ሳተላይት የራሷን ልኬት ጀምራ ነበር።

ሆኖም አፋርን የሚያውቅ ባልደረባ የሚያነሣው ጥያቄ አለ። በአዋሽ መካከለኛ ሸለቆ፣ በአሚባራ አካባቢ፣ ፕሮሶፒስ የተባለው ከአሜሪካ አህጉር የመጣ እሾሃማ ዛፍ የግጦሹን መሬት ወርሮታል። አፋሮች «ደርጊ ሐራ» ይሉታል፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ሣሩ በደረቀበት ወራት እንኳ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። የልምላሜውም ቁጥር በዚያ ቦታ ከፍ ይላል። በቢሮ ለተቀመጠ ተንታኝ ይህ የመልካም ዘመን ምልክት ነው፤ ላሙን ለሚያግደው ሰው ግን የጠፋ ግጦሽ ነው። ይህን ለመለየት በደረቁ ወራት የተነሡ ምስሎች ይመረጣሉ። ሣሩ ሲደርቅ ዛፉ ብቻውን ይቀራልና። በ2015 የተወነጨፈው ሴንቲኔል 2 በቀዩና በኢንፍራሬዱ መካከል ያሉትን ጠባብ ክልሎች ስለሚለካ፣ ሄርሽል ቴርሞሜትሩን ያሻገረበትን ያንኑ ጠርዝ በዝርዝር ያሳያል። ያም ሆኖ ኮምፒዩተሩ የትኛው ቁጥር ፕሮሶፒስ፣ የትኛው ግራር እንደሆነ የሚማረው፣ አንድ ባለሙያ የአካባቢውን እረኛ አስከትሎ በእሾሁ መካከል እየሄደ ከዛፉ ሥር ቆሞ ከመዘገባቸው ነጥቦች ነው።