ፋይል ሲንቀራፈፍ ጥፋተኛው ማነው? ኔትወርኩ ወይስ ዲስኩ?

ባለፈው ዊንጌት ሰፈር የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ ልጅ ጋ ቁጭ ብለን ነበር። 20 ጊጋባይት ቪዲዮ ከአንዱ ላፕቶፕ ወደ ሌላው በኬብል እየላከ ነው። መጀመሪያ በረረ፣ ከዛ ተንቀራፈፈ። ኬብል ቀየረ፣ ራውተሩን አጥፍቶ አበራ፣ ያው ነው። ደንበኛው ደግሞ በር ላይ ቆሟል። ለካ ፋይሉ የሚያርፈው ተቀባዩ ላፕቶፕ ላይ በተሰካ ርካሽ ፍላሽ ላይ ነበር! ኔትወርኩ ምንም አላጠፋም።

ብዙዎቻችን እንዲህ ነን። ፋይል ሲዘገይ ኔትወርኩን እንወቅሳለን፣ አንዳንዴም ገንዘብ ጨምረን ፓኬጅ እናሳድጋለን። ዛሬ ጥፋተኛውን እንዴት ለክተን እንደምናገኘው እናያለን።

*ነገሩ እንዴት ነው የሚሠራው?*

ፋይል ስንልክ ሦስት ሥራ አለ፦ የላኪው ዲስክ ያነባል፣ ኔትወርኩ ያደርሳል፣ የተቀባዩ ዲስክ ይጽፋል። ፍጥነቱን የሚወስነው ከሦስቱ የዘገየው ነው። የቧንቧው ውሃ በኃይል ቢመጣም የጀሪካኑ አፍ ከጠበበ ቶሎ አይሞላም።

*መጀመሪያ ቁጥሩን አንሳሳት*

ኔትወርክ የሚለካው በሜጋቢት ነው፣ ዲስክ ደግሞ በሜጋባይት። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ የኔትወርኩን ቁጥር ለ8 እናካፍላለን። ስለዚህ 20 ሜጋቢት ኢንተርኔት ያለው ሰው በሰከንድ 2.5 ሜጋባይት ካወረደ ሙሉ መብቱን አግኝቷል፣ አልተጭበረበረም።

በሰከንድ ስንት ሜጋባይት እንደሚጠበቅ በግርድፉ፦

• ክላስ 10 ሚሞሪ ካርድ ሲጽፍ፦ ቢያንስ 10
• ዩ3 ወይም ቪ30 የተጻፈበት ካርድ፦ ቢያንስ 30
• ዩኤስቢ 2.0፦ በወረቀት 60፣ በተግባር ከ30 እስከ 40
• የሚሽከረከር የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ፦ 100 አካባቢ፣ ሲሞላ ይቀንሳል
• ሳታ ኤስኤስዲ፦ 500 አካባቢ
• 100 ሜጋቢት ኬብል፦ 12.5
• ጊጋቢት ኬብል፦ በወረቀት 125፣ በተግባር 110 ገደማ

ወደ ልጁ እንመለስ። 20 ጊጋባይት በጊጋቢት ኬብል 3 ደቂቃ አካባቢ ነው። በሰከንድ 10 ሜጋባይት የሚጽፍ ፍላሽ ላይ ግን ከ33 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ደንበኛውን ያስቆመው ይሄ ልዩነት ነው።

*በስልክ እንዴት እንለካ?*

ምንም አፕ አያስፈልግም። አንድ ትልቅ ቪዲዮ ከጓደኛችሁ ስልክ ሁለት ጊዜ ተቀበሉ፤ አንዴ ስልኩ ውስጥ፣ አንዴ ሚሞሪ ካርዱ ላይ። ሰዓት ያዙ። ስልኩ ውስጥ ቶሎ ከገባና ካርዱ ላይ ከዘገየ ጥፋተኛው ካርዱ ነው። ሁለቱም እኩል ከዘገዩ ግን ወይ ዋይፋዩ ነው ወይ የላኪው ስልክ።

*በኮምፒውተርስ?*

1. ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አብራችሁ ተጫኑ፣ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ፋይሉ እየተላከ ሳለ ዲስኩን ተመልከቱ። ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተጣብቆ ኔትወርኩ ዘና ካለ መልሱን አገኛችሁ። ይሄንን በሁለቱም ኮምፒውተር እዩ።

2. ክሪስታል ዲስክ ማርክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ሪድ የማንበብ፣ ራይት የመጻፍ ፍጥነት ነው። ከላኪው ሪዱን፣ ከተቀባዩ ራይቱን ውሰዱ።

3. ኔትወርኩን ለብቻው ለመለካት አይፐርፍ 3 አለ። ዲስክ ሳይነካ ከራም ወደ ራም ስለሚልክ ውጤቱ የኔትወርኩ ብቻ ነው።

ሦስቱን ቁጥሮች አስቀምጡ። ትንሹ ጥፋተኛው ነው።

*እዚህ ጋ እንዳትሸወዱ*

የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ይዋሻሉ። ዳታው ለጊዜው ራም ላይ ወይም ዲስኩ ውስጥ ባለ ፈጣን ቦታ ላይ ስለሚጠራቀም ፍጥነቱ ያምራል፤ ያ ሲሞላ ነው እውነተኛው የሚወጣው። ስለዚህ በትንሽ ፋይል አትለኩ፤ ከተቀባዩ ራም የሚበልጥ ፋይል ተጠቀሙ።

ሌላው፣ ሺህ ፎቶ መላክና አንድ ትልቅ ቪዲዮ መላክ አንድ አይደለም። መጠናቸው እኩል ቢሆን እንኳ ትናንሾቹ ይዘገያሉ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ፋይል የራሱ መክፈትና መዝጋት አለው። ፎቶዎቹን ዚፕ አድርጎ በአንድ መላክ ይረዳል።

*ካርዱ ፎርጅድ ከሆነስ?*

ይሄ ከመዘግየትም ይብሳል። 64 ጊጋባይት የተጻፈበት ግን ውስጡ 8 ብቻ የሆነ ካርድ አለ። ሲሞላ ዝም ብሎ "እየተቀበለ" ፋይላችሁን ያበላሻል። የሰው ሰርግ እኮ ሁለት ጊዜ አይቀረጽም! አዲስ ካርድ ስትገዙ ሥራ ላይ ሳታውሉት፣ ባዶውን ኤችቱ ቴስት ደብሊው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፈትኑት። እስከ ጫፍ ጽፎ መልሶ በማንበብ ትክክለኛ መጠኑንም ፍጥነቱንም ይነግራችኋል። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ይሻላል።

*ታዲያ ምን እናድርግ?*

ጥፋተኛው ፍላሹ ወይም ካርዱ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ላፕቶፑ ኤስኤስዲ ተቀበሉ፣ ደንበኛ ሲሄድ ቀስ ብላችሁ ገልብጡ። ዩኤስቢ 3 መሰኪያ ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ፣ ፍላሹም ዩኤስቢ 3 መሆኑን እያያችሁ። ጥፋተኛው ኔትወርኩ ሆኖ ከተገኘ ግን ያኔ ኬብልም ፓኬጅም ቀይሩ፣ ገንዘባችሁ ቦታው ላይ ይውላል።

ፓኬጅ ሊያሳድግ ለተነሳ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።