መዲና በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ መካ በ2019



ጳጉሜ 2 ቀን 2017 ምሽት ላይ ጨረቃዋ እንደ ፍም ቀልታ ያያችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከዒሻእ በኋላ ነበር። ያን ምሽት ግማሹ ሰው መስጂድ ሄዶ ሰገደ፤ ግማሹ ስልኩን ይዞ ተቀመጠ። በስልኩ ላይ ደግሞ ግርዶሹን ከጦርነት፣ ከኑሮ ውድነት፣ ከአንዱ ሞት፣ ከሌላው ሹመት ጋር የማያገናኝ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። አሁን ከዚያ የሚበልጥ እየመጣ ነው። ሰኞ ሐምሌ 26 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 2027) መካ ላይ ፀሐይ በጠራራ ቀን ሙሉ በሙሉ ትጋረዳለች።

የጨረቃ ጥላ ከስፔንና ከሞሮኮ ተነስቶ በሰሜን አፍሪካ ያልፋል፤ ግብፅ ውስጥ ሉክሶር አካባቢ ጨለማው ከስድስት ደቂቃ በላይ ይቆያል። ከዚያ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ጅዳንና መካን ይሸፍናል፤ በየመን አልፎም ወደ ሶማሊያ ጫፍ ያመራል። መካ ላይ ሙሉ ጨለማው የሚሆነው በእኛም በእነሱም ሰዓት ሰባት ተኩል ገደማ፣ ዙህር ከተሰገደ በኋላ ነው። አምስት ደቂቃ ያህል ይቆያል። ሐረም ውስጥ በጠዋፍ ላይ ያለ ሰው በዚያ ሰዓት ቀና ቢል ከዋክብት ሊያይ ይችላል።

እንግዲህ ከአሁኑ አስቡት። ካዕባ በቀን ጨለማ ውስጥ ሆና የሚያሳይ ምስል በዓለም ሲዞር ስንት ዓይነት ወሬ አብሮት ይዞራል? «ቂያማ ደረሰ»፣ «የእገሌ ንጉሥ ማብቂያ ነው»፣ «መህዲ ሊወጣ ነው»። ለዚህ ሁሉ መልሱ የተሰጠው ከ1400 ዓመት በፊት መዲና ውስጥ ነው። የተሰጠውም አንድ አባት ልጁን በቀበረበት ቀን ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከማሪያ አል-ቂብጢያ የወለዱት ኢብራሂም በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው የተወለደው። ቃሲምና ዐብደላህ በልጅነታቸው ሞተዋል። ከሴቶቹ ልጆቻቸውም ሩቀያ፣ ዘይነብና ኡሙ ኩልሡም ቀድመዋቸው ሄደዋል፤ በሕይወት የቀረችው ፋጢማ ብቻ ነበረች። ኢብራሂም የሚጠባው ከመዲና ዳር፣ ባሏ አቡ ሰይፍ የሚባል ቀጥቃጭ ከሆነ ሴት ዘንድ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸውን ለማየት እዚያ ድረስ ይሄዱ ነበር፤ በወናፍ ጭስ የተሞላ ቤት ገብተው ሕፃኑን ያቅፉታል፣ ይስሙታል፣ ያሸቱታል። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ታመመ። ነፍሱ ስትወጣ ዓይናቸው አነባ። ዐብዱራሕማን ኢብን ዐውፍ እርስዎም ያለቅሳሉን? ብሎ ቢገረም እዝነት መሆኑን ነገሩት፤ ዓይን እንደሚያነባ፣ ልብ እንደሚያዝን፣ አንደበት ግን ጌታን ከሚያስደስት በቀር እንደማይናገር።

በዚያው ቀን ፀሐይ ተጋረደች።

በጃሂሊያ ዘመን ዐረቦች ፀሐይና ጨረቃ የሚጋረዱት ለታላቅ ሰው ሞት ወይም ልደት ነው ብለው ያምኑ ነበር። የመዲና ሰዎችም ወዲያው «ለኢብራሂም ሞት ተጋረደች» አሉ። ይህን ያሉት ጠላቶች አይደሉም። የሚወዷቸው፣ ሐዘናቸው ያሳዘናቸው ሰዎች ናቸው። እስኪ ራሳችሁን እዚያ ቦታ አስቀምጡ። ልጁ የሞተበት አባት፣ ሰማዩ አብሮት አዘነ ሲባል መስማት እንዴት ያጽናናል! መናገር እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ ዝም ማለት ይበቃ ነበር። ሐሰተኛ ነቢይ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ቀን አያመልጠውም ነበር።

እሳቸው ግን ዝም አላሉም። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች መካከል መሆናቸውን፣ ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት እንደማይጋረዱ፣ ይህን ባየን ጊዜ ግን መስገድና ዱዓ ማድረግ እንዳለብን ተናገሩ። ከዚህ በኋላ በሕይወት የቆዩት አምስት ወር እንኳ አይሞላም።

ምልክት አይደለም አላሉም፤ ልብ በሉ። ኩምሳቸውን እየጎተቱ በድንጋጤ ነው ወደ መስጂድ የገቡት። «አስ-ሶላቱ ጃሚዓህ» ተብሎ ተጠራ፣ ወንዱም ሴቱም ተሰበሰበ፣ ቁመቱ የበቀራን ምዕራፍ ያህል የሚረዝም ሶላት ተሰገደ። አስማእ ቢንት አቡበክር (ረ.ዐ) ወደ እህቷ ዓኢሻ ስትገባ ስትሰግድ አገኘቻት። ሰዉ ምን ሆኖ ነው? ብትላት ዓኢሻ ሶላቷን ሳታቋርጥ ወደ ሰማይ ጠቆመቻት። አስማእም አብራ ቆመች፤ ቁመቱ ከመርዘሙ የተነሳ ራሷን ልትስት ደርሳ አጠገቧ ካለው ውኃ ራሷ ላይ ታፈስ ነበር። እኛ ተራዊሕ ረዘመ ብለን የምናጉረመርመውን ያስታውሰኛል።

አሁን ወደ ታሪኩ ሌላ ገጽታ ልውሰዳችሁ፤ እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ይሄኛው ነው። ኢብራሂም የሞተው መቼ ነው? የታሪክ ጸሐፊው አል-ዋቂዲ ወሩ በገባ በ10ኛው ቀን ነው ብሏል። ብዙዎችም ተቀብለው ጽፈውታል። ነገር ግን ፀሐይ የምትጋረደው ጨረቃ በእሷና በምድር መካከል ስትገባ ነው። ጨረቃ እዚያ ቦታ የምትገኘው ደግሞ አሮጌው ወር አልቆ አዲሱ ሊገባ ሲል፣ ከዓይን በምትሰወርበት ጊዜ ብቻ ነው። በ10ኛው ቀን ጨረቃ ከምሽት ጀምሮ ሰማይ ላይ ጎልታ ትታያለች፤ ያን ቀን የፀሐይ ግርዶሽ ሊኖር አይችልም። የጨረቃ ግርዶሽም እንዲሁ በወሩ አጋማሽ፣ ሙሉ ስትሆን ብቻ ነው።

ይህን ስህተት የዛሬ ሰው አይደለም ያረመው። በእ.ኤ.አ. 1328 የሞቱት ኢብን ተይሚያ የዋቂዲ ቀን ስህተት መሆኑን በፈትዋቸው ጽፈዋል፤ ምክንያታቸውም ይኸው ነበር፣ ፀሐይ በወር መጨረሻ ካልሆነ አትጋረድም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ግብፃዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ማሕሙድ አል-ፈለኪ ወደ ኋላ ቆጥሮ ቀኑን አገኘው፤ ሸዋል 29 ቀን 10ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 632። በዚያ ቀን መዲና ላይ የፀሐይ ሰፊው ክፍል በጠዋት ተጋርዷል። የዓኢሻ ሐዲሥም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጠዋት ወጥተው፣ ግርዶሹ ሲሆን በዱሓ ሰዓት እንደተመለሱ ይናገራል። ሐዲሡና ስሌቱ ሰዓቱ ላይ ሳይቀር ተገናኙ።

ግርዶሽ ለማንም ሞት እንደማይሆን የተነገረው ሕዝብ፣ ታዲያ በምን ይሆናል? ብሎ ለመጠየቅ መንገዱ ተከፈተለት። ኢማም አል-ገዛሊ ፈላስፎችን በሚሞግቱበት «ተሃፉት» በተባለው መጽሐፋቸው መግቢያ ላይ፣ የግርዶሽን ስሌት መካድ ዲንን መከላከል የሚመስለው ሰው ዲኑን እንደሚጎዳ አስጠንቅቀዋል። የስሌቱ ባለሙያ ግርዶሹን በዓይኑ አይቶ አረጋግጧል፤ አንተ ሸሪዓ ይቃወመዋል ስትለው የሚጠራጠረው ስሌቱን ሳይሆን ሸሪዓውን ነው።

ካይሮ ውስጥ በ977 የዑለማእ ስብስብ ቀራፋ በሚባለው ሰፈር መስጂድ ውስጥ ሆኖ የፀሐይ ግርዶሽ ተመልክቷል፤ የመዘገበው ኢብን ዩኑስ ነው። የእሱ መዝገቦች እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ አገልግለዋል፤ አሜሪካዊው ሳይመን ኒውኮምብ የጨረቃን እንቅስቃሴ ሲያጠና ተጠቅሞባቸዋል። በ997 ደግሞ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረው አል-ቢሩኒ ከአቡል ወፋእ ጋር ተቀጣጠረ። እሱ በኸዋሪዝም ካሥ ከተማ፣ አቡል ወፋእ በባግዳድ ሆነው አንዱን የጨረቃ ግርዶሽ በየሰማያቸው ተመለከቱ። የጨረቃ ግርዶሽ ለሁሉም እኩል ቅጽበት ስለሚጀምር፣ የየከተማቸውን ሰዓት አወዳድረው በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ርቀት በኬንትሮስ ለኩ። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ያህል ነበር። ስልክ በሌለበት ዘመን! የአንድን ከተማ ቂብላ በትክክል ለማስላት ደግሞ ይኸው የኬንትሮስ ልዩነት ያስፈልጋል።

ወደ ሐምሌ 26 እንመለስ። ጅዳና መካ ያሉ ብዙ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ከሙሉው ጥላ ሥር ይሆናሉ። መዲና ላይ ፀሐይዋ በአብዛኛው ትሸፈናለች እንጂ ሙሉ በሙሉ አትጋረድም። ኢትዮጵያ ውስጥ ከፊል ነው፤ ሰመራ፣ ድሬዳዋና ጅግጅጋ ከጅማ ይበልጥ ይሸፈንላቸዋል፣ ለጥላው መንገድ ስለሚቀርቡ። ችግራችን ክረምት መሆኑ ነው። ደሴና አዲስ አበባ በሐምሌ ማብቂያ ሰማዩ ከተገለጠላቸው ዕድለኞች ናቸው። ሶላቱ የተያያዘው ከማየት ጋር ስለሆነ፣ ደመና ሸፍኖት ምንም ካልታየ ምን ይደረጋል የሚለውን ከአሁኑ የመስጂዳችሁን ኢማም ጠይቁ። ኢብን ተይሚያ ሶላቱ ሳይታይ በባለሙያ ወሬ ብቻ እንደማይሰገድ ተናግረዋል። ነገር ግን ወሬውን አምኖ ለመስገድ ነይቶ፣ ሰዓቱን ጠብቆ የሚዘጋጅ ሰው ወደ ጣዓ እንደተሽቀዳደመ ይቆጠርለታል ብለዋል።

ዓይናችሁን ግን አደራ። ከፊል ግርዶሽን በባዶ ዓይን ወይም በተራ የፀሐይ መነጽር ማየት ዓይንን ይጎዳል፤ ጉዳቱም ሲደርስ አያምም። ለዚሁ የተሠራ መነጽር ካልተገኘ፣ በካርቶን ላይ ትንሽ ቀዳዳ በስታችሁ ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ ጥላው ላይ የሚያርፈውን ምስል ተመልከቱ። ልጆችም ይወዱታል።

የጨረቃውን ደግሞ ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2028) ያዙት። መካም እኛም ዘንድ ጨረቃ በመግሪብ ሰዓት አካባቢ መጋረድ ትጀምራለች፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተሩብ ገደማ ሙሉ በሙሉ ትጋረድና ከአንድ ሰዓት በላይ እንደቀላች ትቆያለች። በጋ ስለሆነ ደመናው አያሰጋም። ከዒሻእ በኋላ ለመስገድ የሚመች ሰዓት ነው።

ወላሁ አዕለም።