ጥምር አስሊ

«ጥምር አስሊ» የሚለው ስያሜ እዚህ የቀረበው በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኤፒዩ ለሚባለው የኮምፒውተር ክፍል የአማርኛ አቻ ይሆን ዘንድ ነው፤ ይኸውም ሒሳቡን የሚሠራው ክፍልና ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ በአንድ የሲሊከን ቁራጭ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡበት፣ በመሆኑም ለብቻው የሚገዛ የግራፊክስ ካርድ የማይሻ ፕሮሰሰር ማለት ነው። የዚህ ዓይነቱ ፕሮሰሰር ጥቅም ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው፣ ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶ ፊልም በሚያሳይ፣ ሙዚቃ በሚያሰማና አልፎ አልፎ ቀለል ያለ ጌም በሚያጫውት ኮምፒውተር ላይ ነው። እርሱም በውጭ አገር ኤችቲፒሲ ይባላል፤ ቃል በቃል ሲተረጎም «የቤት ቴአትር ኮምፒውተር» ይሆናል፤ ነገር ግን ቴአትር ለአማርኛ ተናጋሪ መድረክና ተዋናይ በመሆኑ፣ ዕቃውን በሚቀመጥበት ቦታ ጠርቶ «የሳሎን ኮምፒውተር» ማለቱ ይሻላል።

አንድን ነገር በሥራው ወይም በቦታው መሰየም እንዴት ያለ ጥቅም እንዳለው ሐረር ጀጎል ውስጥ በእግር የሚዘዋወር ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ጊደር መጋላ በሐረሪ ቋንቋ «ትልቁ ገበያ» ማለት ነው፤ ፈረስ መጋላ ከሚባለው አደባባይ ወደዚሁ ገበያ የሚያደርሰው ጠባብ መንገድ ደግሞ ስሙን ያገኘው በግራና በቀኝ ተደርድረው ከሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ በመሆኑ መኪና ግርግር ይባላል። «መኪና» ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ አማርኛ ግን እንዳለ ተቀብሎ አልተወውም፤ የስፌት መኪና፣ የጽሕፈት መኪና፣ የሒሳብ መኪና እያለ በየሥራው ለይቶታል። «አስሊ» የሚለውም «አሰላ» ከሚለው ግስ የተገኘ የአድራጊ ስም ስለሆነ በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው። ለፕሮሰሰር «አንጎለ ኮምፒውተር» የሚል ስያሜ የሚጠቀሙ አሉ፤ ስያሜው ለብቻው ሲቆም አይከፋም፤ «ጥምር አንጎል» ቢባል ግን የሕክምና ምርመራ ውጤት ይመስላል። «የተዋሐደ አስሊ» የሚለውም ቢሆን ተዋሕዶ የተሸከመውን የነገረ መለኮት ትርጉም ወዲያው ስለሚያስታውስ፣ ለአንዲት የሲሊከን ቁራጭ ይከብዳል። ከዚህም ሌላ ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ቁራጭ ላይ ሆነው ማስታወሻ ይጋራሉ እንጂ አንዱ በሌላው ውስጥ ስለማይጠፋ «ጥምር» የሚለው ቃል ለነገሩ ይቀርባል። በእንግሊዝኛው ስያሜ ውስጥ ያለው «የተፋጠነ» የሚል ቅጽል የሻጭ ቋንቋ ስለሆነ በትርጉሙ ቢቀር ጉዳት የለውም።

የፕሮሰሰር አምራቹ ኤኤምዲ የግራፊክስ ሠሪ የነበረውን ኤቲአይ እ.ኤ.አ. በ2006 ከገዛ በኋላ ሁለቱን ሙያዎች በአንድ ቁራጭ ላይ ያገናኙ ምርቶቹን እ.ኤ.አ. በ2011 ማቅረብ የጀመረ ሲሆን፣ ተፎካካሪው ኢንቴልም በዚያው ዓመት ግራፊክሱን ከአስሊው ጋር በአንድ ሲሊከን ላይ አውጥቷል፤ ኤፒዩ የሚለው መጠሪያ የኤኤምዲ ቢሆንም «ጥምር አስሊ» የሁለቱንም ይሸፍናል። በየከተማው ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ ኳስ የተጫወተ ወጣት ስሙን አይስማው እንጂ ዕቃውን ያውቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 የሚሠራው በኤኤምዲ ጥምር አስሊ ነውና።

ለሳሎን ኮምፒውተር አስሊ የሚመርጥ ሰው በመጀመሪያ ሊመለከተው የሚገባው ፍጥነቱን ሳይሆን ምስል የመፍታት ችሎታውን ነው። ፎርኬ የሚባለው ምስል 3840 በ2160 ነጥቦች፣ በድምሩ 8,294,400 ነጥቦች ስላሉት፣ በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲታደስ ወደ 500 ሚሊዮን የሚጠጉ ነጥቦች በየሴኮንዱ መሳል አለባቸው፤ ይህን ያህል መረጃ እንዳለ ማስተላለፍ ስለማይቻል ፊልሙ ተጨምቆና ተቋጥሮ ይመጣል፤ ቋጠሮውም በተመልካቹ ቤት ይፈታል። የመቋጠሪያውና የመፍቻው ሥርዓት ኮዴክ ይባላል፤ ኤች.264፣ ኤች.265፣ ቪፒ9 እና እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ኤቪ1 በብዛት የሚያጋጥሙት ናቸው። አስሊው ለአንድ ኮዴክ የተሠራ መፍቻ በውስጡ ካለው ሥራው ያለ ድካም ያልቃል፤ ከሌለው ግን ዋናው ክፍል በሶፍትዌር እንዲፈታው ይገደዳል፤ ያን ጊዜ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ማራገቢያውም ይጮኻል።

የማራገቢያው ጩኸት በቢሮ ኮምፒውተር ላይ ብዙም አያስጨንቅም፤ በሳሎን ግን የተለየ ነው። ለምሳሌ የባህላዊው የሐረሪ ቤት ዋና ክፍል ጊደር ጋር ይባላል፤ ወለሉ በተለያየ ከፍታ ተሠርቶ ነደባ በሚባሉ መደቦች የተከፋፈለ ነው፤ ቤተሰብና እንግዳም እንደየማዕረጉ ቦታውን ይዞ ረጅም ሰዓት ይጨዋወትበታል። ለመኪና ግርግር ስም ያወጣለት ዓይነት ድምፅ እዚህ ክፍል ውስጥ ቢሰማ ፊልሙንም ወጉንም ይበጠብጣል። በወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ውስጥ የተሠሩት የዕቃ ማስቀመጫዎች ደግሞ ትንሽ ኮምፒውተር ለመሰወር የተመቹ ቢመስሉም፣ ፊታቸው ብቻ ክፍት ስለሆነ ሞቃቱ አየር መውጫ አጥቶ እዚያው ይዞራል። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ናትና አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ በማራገቢያ ሲገፋ የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። ስለዚህ የሙቀት ልኩ 65 ዋት ከሆነ አስሊ በላይ መሄድ ለዚህ ቤት ትርፉ ድምፅ ነው፤ 35 ዋት የሆኑትም ይገኛሉ፤ የኢንቴሎቹ በስማቸው መጨረሻ «ቲ»፣ የኤኤምዲዎቹ «ጂኢ» የሚል ምልክት አላቸው።

ሦስት ምርቶች ቢነጻጸሩ የምርጫው ባሕርይ ይገለጻል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ የወጣው የኢንቴል ኮር አይ3-12100 አራት እምብርቶች (ኮሮች) ያሉት ሲሆን ኤቪ1ን ጭምር ይፈታል፤ በጌም በኩል ግን ግራፊክሱ ደካማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ጂ ስድስት እምብርቶችና ከዚያ የበረታ ግራፊክስ አለው፤ የኳስ ጌሞችንና የቆዩ ጨዋታዎችን በመካከለኛ የምስል ጥራት ያስኬዳል፤ ይሁን እንጂ ለኤቪ1 የተሠራ መፍቻ የለውም። ሁለቱንም የሚያሟላው እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ራይዘን 5 8600ጂ ነው፤ እርሱ ደግሞ አዲስ ዓይነት ማዘርቦርድና ዲዲአር5 ራም ስለሚጠይቅ ወጪው በአስሊው ዋጋ ብቻ አይቆምም። ፊልም ለሚያዘወትር ቤት የመጀመሪያው ይበቃል፤ ልጆች ማታ ማታ ኳስ የሚጫወቱበት ቤት ሁለተኛውን ቢመርጥ አይጸጸትም፤ ዩቲዩብ በቪፒ9ም ስለሚያቀርብና እርሱን ይህ አስሊ ስለሚፈታው የኤቪ1 ጉድለት ለጊዜው ይቻላል።

ጥምር አስሊ የራሱ የምስል ማስታወሻ ስለሌለው ከኮምፒውተሩ ራም ይበደራል፤ ብዙ ገዢ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ባለ 16 ጊጋባይት አንድ ራም ከመግዛት ባለ 8 ጊጋባይት ሁለት መግዛት ይሻላል፤ ፍጥነቱ 3200 የሆነ ዲዲአር4 ራም ብቻውን ሲሆን በሴኮንድ 25.6 ጊጋባይት የሚያመላልሰው፣ ሁለት ሆኖ በሁለት መስመር ሲገጠም 51.2 ይደርሳል፤ በጌም ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

በመጨረሻ የሚጣራው በስሙ ጫፍ ያለው ፊደል ነው። ኮር አይ3-12100 እና ኮር አይ3-12100ኤፍ በሣጥን ላይ የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው፤ «ኤፍ» ያለበት ግራፊክሱ የተዘጋ ስለሆነ ጥምር አስሊ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ረከስ ያለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሳያስተውል የገዛ ሰው ኮምፒውተሩን ገጣጥሞ የኤችዲኤምአይ ገመዱን ማዘርቦርዱ ላይ ሲሰካ መብራቱ ይበራል፣ ማራገቢያው ይዞራል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ግን «ሲግናል የለም» ከሚል ጽሑፍ በስተቀር ምንም አይታይም።