የብረቱ ሕግና የሾፌሩ ሕግ፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ታሪክ በዋሽንግተን ዙሪያ

በሜሪላንድ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በቨርጂኒያ ደግሞ በአሌክሳንድሪያ ጎዳናዎች ጧትና ከሰዓት በኋላ የሚመላለሰው ቢጫ አውቶቡስ፣ የአዲስ አበባ ወላጆች «ሰርቪስ» ከሚሉት የተማሪ ማመላለሻ የሚለየው በቀለሙና በግዝፈቱ ብቻ ሳይሆን፣ ከጣሪያው እስከ መቀመጫው ድረስ በጽሑፍ ለተደነገገ መስፈርት ተብሎ የተሠራ በመሆኑ ነው። መስፈርት ሲባል አምራቹ ቢፈልግ የሚከተለው ምክር ሳይሆን፣ ተሽከርካሪው ሳያሟላው ለገበያ ሊቀርብ የማይችል በቁጥር የተለካ ግዴታ ማለት ነው። የዚህ ድንጋጌ ታሪክ ሲመረመር፣ ሕጉ ቀድሞ የደረሰው ለብረቱ እንደ ሆነና መሪውን ለሚጨብጠው ሰው ግን እጅግ ዘግይቶ እንደ ደረሰ ይታያል። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማሳቹሴትስ ግዛት በ1869 ተማሪዎችን ለማጓጓዝ የሕዝብ ገንዘብ እንዲወጣ በሕግ ስትፈቅድ ልጆች የሚሳፈሩት በፈረስ ጋሪ ነበር፤ ሞተር ፈረሱን ከተካ በኋላም እያንዳንዱ አካባቢ የተመቸውን መኪና በመረጠው ቀለም ያሰማራ ነበር። በዲሴምበር 1938 በዩታ ግዛት በበረዶ ውሽንፍር ባቡሩን ያላየ ሾፌር አውቶቡሱን ወደ ሐዲዱ አስገብቶ፣ ከ20 የሚበልጡ ተማሪዎች ከነሾፌራቸው ሞቱ። ዛሬ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሐዲድ ሲደርስ ቆሞ፣ በሩን ከፍቶ፣ የባቡር ድምፅ አዳምጦ የሚሻገርበት ልማድ ከዚህ ሐዘን ጋር የተያያዘ ነው።

በኤፕሪል 1939 ፍራንክ ሳየር የተባሉ የገጠር ትምህርት ምሁር፣ በ5,000 ዶላር ድጋፍ፣ የ48ቱን ግዛቶች ተወካዮችና የአውቶቡስ አምራቾችን በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ሰብስበው ለሰባት ቀናት አወያዩ። ጉባኤው የጣሪያን ከፍታና የመተላለፊያን ስፋት ጨምሮ 44 መስፈርቶችን አወጣ፤ ለቀለሙም ከፈዛዛ ቢጫ እስከ ብርቱካናማ የሚደርሱ ናሙናዎች ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ከታዩ በኋላ፣ በንጋትና በምሽት ድንግዝግዝታ ጥቁር ፊደል ጎልቶ የሚነበብበት ቢጫ ተመረጠ። ይሁን እንጂ እነዚህ ውሳኔዎች ለግዛቶች የቀረቡ ምክሮች ስለ ነበሩ አስገዳጅነት አልነበራቸውም። አውቶቡሱ ለሁሉም ልጅ የሚደርስም አልነበረም፤ በ1947 በሳውዝ ካሮላይና ክላረንደን አውራጃ ሊቫይ ፒርሰን የተባሉ ጥቁር ገበሬ ለልጆቻቸው አንድ አውቶቡስ እንዲመደብ ሲጠይቁ፣ አውራጃው ለነጭ ተማሪዎች 30 አውቶቡሶች እያሉት ለጥቁሮቹ አንድም አልነበረውም። ይህ አቤቱታ ያስነሣው ሙግት አድጎ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የዘር መለያየትን በትምህርት ቤት ከሻረባቸው የ1954 መዝገቦች አንዱ ሆነ፤ አሌክሳንድሪያ ግን ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎችን ከነጮች ጋር ያስገባችው በፌብሩዋሪ 1959 ነበር።

ምክሩ ግዴታ የሆነው ኮንግረስ በ1974 ባወጣው ሕግ መሠረት ሲሆን፣ መስፈርቶቹ ከኤፕሪል 1 ቀን 1977 ጀምሮ ጸኑ። ጣሪያው ባዶ አውቶቡሱ ከሚመዝነው አንድ ተኩል እጥፍ ክብደት ሲጫንበት ከ13 ሴንቲ ሜትር ያህል በላይ እንዳይሰረጉድ፣ የብረት ሉሆቹ መጋጠሚያም ከሚገናኙት ሉሆች የደካማውን 60 በመቶ ጥንካሬ እንዲይዝ ተወሰነ፤ ምክንያቱም በግጭት ጊዜ የተላቀቀ የብረት ጠርዝ እንደ ስለት ልጅን ይቆርጥ ነበር። ሦስተኛው መስፈርት መቀመጫዎቹ ተቀራርበው እንዲተከሉና መደገፊያቸው ከፍ ብሎ ኃይልን በሚቀበል ስፖንጅ እንዲሸፈን የሚያዝዝ ሲሆን፣ በትልልቅ አውቶቡሶች ልጁን የሚይዘው ቀበቶ ሳይሆን ከፊቱ ያለው የወንበር ጀርባ እንዲሆን የታሰበ ነው። አሳቡ ከፊትና ከኋላ ለሚመጣ ግጭት ይሠራል፤ ከጎን ለሚመጣና ለመገልበጥ ግን ብዙ አይረዳም። የፌዴራሉ የትራንስፖርት ደኅንነት መርማሪ ቦርድም በ2018 ግዛቶች በአዲስ ትልልቅ አውቶቡሶች ላይ የትከሻና የወገብ ቀበቶ እንዲያስገድዱ መክሯል።

የአዲሱ ሕግ ጥቅም በገሃድ የታየው ሕጉ ባልደረሰበት አውቶቡስ ነው። በሜይ 1988 በኬንታኪ ግዛት በካሮልተን ከተማ አጠገብ የሰከረ ሰው መኪናውን በተቃራኒ አቅጣጫ እየነዳ መጥቶ፣ የ1977ቱ ግዴታ ከመጽናቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የተሠራና ቤተ ክርስቲያን የምትገለገልበትን አሮጌ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ገጨው። የቤንዚን ማጠራቀሚያው ተቀድዶ እሳት ሲነሣ የፊት በሩ ተዘጋ፤ ሁሉም ወደ ኋላው መውጫ ተጋፉ፤ አብዛኞቹ ልጆች የሆኑ 27 ሰዎች ሞቱ።

ሾፌሩን የሚመለከተው ሕግ ተከትሎ የመጣው በዝግታ ነው። የንግድ መንጃ ፈቃድ የሚባለው፣ በኢትዮጵያ «ሕዝብ 1» እና «ሕዝብ 2» ከሚባሉት ደረጃዎች ጋር የሚቀራረበው የከባድ ተሽከርካሪ ፈቃድ፣ በ1986 ሕግ ታውጆ እስከ ኤፕሪል 1992 በሁሉም ግዛት ግዴታ ሆነ። ተማሪ ለሚጭን ሾፌር ብቻ የሚሰጠው ተጨማሪ ማረጋገጫ ደግሞ በ1999 ሕግ ታዝዞ በሥራ ላይ የዋለው ከዚያ ዓመታት ቆይቶ ነው። ከዚህ ማረጋገጫ በፊት መንግሥት የአውቶቡሱን የብረት መጋጠሚያ እየለካ፣ ሾፌሩ ልጆችን እንዴት እንደሚያወርድ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚጠይቅበት ፈተና አልነበረውም፤ ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነበር።

የዋሽንግተን አካባቢም የራሱን ሐዘን አይቷል። በኤፕሪል 2005 የአሌክሳንድሪያ ጎረቤት በሆነችው በአርሊንግተን አንድ የቆሻሻ መኪናና የትምህርት ቤት አውቶቡስ ተጋጭተው ሁለት ልጆች ሞቱ። በኖቬምበር 2016 በባልቲሞር ተማሪ ያልጫነ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ከከተማ አውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ ሁለቱን ሾፌሮች ጨምሮ ስድስት ሰዎች ሲሞቱ፣ መርማሪዎች የትምህርት ቤቱ ሾፌር የሚጥል በሽታ እንደ ነበረበትና ቁጥጥሩም ሳያስቆመው እንደ ቀረ ደረሱበት። በ2010 ደግሞ በፌርፋክስ አውራጃ የቆመ የትምህርት ቤት አውቶቡስ አልፎ የሄደ አሽከርካሪ ነጻ ተለቀቀ፤ በቨርጂኒያ ሕግ በ1970 ማሻሻያ ጊዜ አንዲት መስተዋድድ ስለ ተዘለለች፣ ቃሉ እንደ ተጻፈው ሲነበብ አሽከርካሪው አውቶቡሱ ዘንድ እንዲቆም ሳይሆን የቆመውን አውቶቡስ እንዲያስቆም የሚያዝዝ ሆኖ ነበር። የጠፋችው ቃል የተመለሰችው በ2011 ነው። ልጆችን ለሞት የሚያጋልጠው በአብዛኛው አውቶቡሱ ውስጥ መሆን ሳይሆን ሲሳፈሩና ሲወርዱ በዙሪያው መገኘት ስለ ሆነ፣ ጉዳዩ የሰዋስው ክርክር ብቻ አልነበረም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ዛሬ በሁለት በኩል ይገኛሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት የሞንትጎመሪ አውራጃና የአሌክሳንድሪያ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች መልእክት ከሚያስተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ሲሆን፣ ልጆቹን ከሚያመላልሱት ሾፌሮች መካከልም ትውልደ ኢትዮጵያውያን አሉ። የተግባር ፈተናው ግን ያለ አስተርጓሚ በእንግሊዝኛ የሚካሄድ ነው፤ ተፈታኙ በአውቶቡሱ ዙሪያ እየዞረ እያንዳንዱን ክፍል በስሙ ጠርቶ ጤንነቱን ይናገራል። በኢትዮጵያ የጭነት መኪና የነዳ ሰው ፍሬንን፣ ፍሪሲዮንን፣ ካምቢዮንና ባሌስትራን አሳምሮ ያውቃል፤ ነገር ግን እነዚህ ከጣልያንኛ የተወረሱ ቃላት በፈታኙ ፊት ስለማያገለግሉት፣ እጁ የሚያውቀውን ሙያ አንደበቱ እንደገና መማር አለበት።

በጃንዋሪ 2022 የሾፌር እጥረት ሲጸና፣ የከባድ ተሽከርካሪዎችን ደኅንነት የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ግዛቶች ለትምህርት ቤት ሾፌሮች የሞተር ክፍሉን የቃል ፈተና እንዲያስቀሩ ፈቀደ፤ በፌብሩዋሪ 7 ቀን ደግሞ አዲስ ገቢዎች በተመዘገበ አሠልጣኝ ዘንድ እንዲሠለጥኑና በንድፈ ሐሳብ ፈተና 80 በመቶ እንዲያገኙ የሚያስገድደው ደንብ ጸና። ግዛቶችና ትምህርት ቤቶች የየራሳቸውን የሥልጠና ሰዓት ይጨምራሉ፤ የፌዴራሉ ደንብ ግን ለጣሪያው ክብደትን፣ ለመጋጠሚያው መቶኛን ሲወስን፣ ሾፌሩ ከአሠልጣኙ ጋር መሪ ላይ ሊቀመጥ የሚገባውን አነስተኛ ሰዓት አላስቀመጠም። ይህ ቁጥር ሊጻፍ ይገባል።